አገር የገዛ ኩባንያ

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ድንገት ቀና አለና "ኩባንያ አገር መግዛት ይችላል እንዴ?" አለኝ። "መግዛት ስትል በብር መግዛት ነው ወይስ እንደ ንጉሥ መግዛት?" አልኩት። ትንሽ አሰበና "ሁለቱንም" አለ።

ጥያቄውን ያመጣው አንድ አጭር ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው አፕል ከ3 ትሪሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያወጣ ይነግረንና፣ ይህንን ከአገሮች ዓመታዊ ምርት ጎን አስቀምጦ "ኩባንያው ከአብዛኞቹ አገሮች ይበልጣል" ብሎ ይደመድማል። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው የመለኪያው ስህተት ነበር። የኩባንያ የገበያ ዋጋ ማለት አክሲዮኖቹ በሙሉ በዛሬው ዋጋ ቢሰሉ የሚያወጡት ገንዘብ ነው። የአገር ዓመታዊ ምርት ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚመረተው ነው። አንዱ ግቢያችሁ ያለው ሮቶ የያዘው ውሃ ነው፤ ሌላው በቧንቧው በየቀኑ የሚያልፈው። ሁለቱን ማወዳደር ሊትርን "ሊትር በሰከንድ" ከሚባለው ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

ግን እኮ ስህተቱን ማረም ጥያቄውን አይመልሰውም። የሚለያቸው ትልቅነት ካልሆነ፣ መንግሥትን ከኃያል ኩባንያ የሚለየው ታዲያ ምንድን ነው? ይህንን ለመመለስ ከዛሬዎቹ ኩባንያዎች ይልቅ ሁለቱንም ዓይነት "መግዛት" በተግባር ያደረገ አንድ ኩባንያ አለ፤ የእንግሊዙ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ። ታሪኩን እንየውና ወደ ጥያቄያችን እንመለሳለን። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጋዘን ወደ ግምጃ ቤት

ዲሴምበር 31 ቀን 1600 የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ለአንድ የለንደን ነጋዴዎች ማኅበር ቻርተር ሰጠች። ቻርተር ማለት ባጭሩ የፈቃድ ሰነድ ነው። ሰነዱ ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ በስተ ምሥራቅ ባለው ዓለም ከእንግሊዞች መካከል እነዚህ ሰዎች ብቻ እንዲነግዱ ይፈቅዳል። የጊዜ ገደብም ነበረው፤ 15 ዓመት። ይህንን የጊዜ ገደብ ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ነጋዴዎቹ ቅመም ፍለጋ ወጡ፤ ቆየት ብለው በህንድ ጠረፍ ላይ የጥጥና የሐር ጨርቅ መግዛት ያዙ። መጀመሪያ የሠሩት መጋዘን ነው። ለመጋዘኑ ዘበኛ፣ ለዘበኛው ግንብ፣ ለግንቡ ደግሞ መድፍ ያስፈልጋል። በ1661 ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ባወጡት ቻርተር ኩባንያው ክርስቲያን ካልሆኑ ገዢዎች ጋር ጦርነት የማወጅና እርቅ የማድረግ መብት አገኘ። በ1668 ደግሞ ያው ንጉሥ የቦምቤይን ወደብ (የዛሬዋን ሙምባይ) ለኩባንያው በዓመት 10 ፓውንድ አከራዩት። አዎ፣ አሥር ፓውንድ!

ያኔ ህንድን የሚገዙት የሙጋል ነገሥታት ነበሩ። የመሬታቸው ስፋትና የሕዝባቸው ብዛት ከእንግሊዝ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። በ1700ዎቹ መጀመሪያ ግን የሙጋል ማዕከላዊ ሥልጣን እየላላ፣ የየክፍለ ሀገሩ ገዢዎች ደግሞ ራሳቸውን እየቻሉ ሄዱ። ከሁሉም ሀብታም ከነበሩት ክፍለ ሀገሮች አንዱ ቤንጋል ነበር፤ ዛሬ ባንግላዴሽና የህንዷ ምዕራብ ቤንጋል የሚገኙበት አካባቢ ነው።

በጁን 1757 የኩባንያው ጦር በሮበርት ክላይቭ እየተመራ ፕላሲ በተባለ ቦታ የቤንጋሉን ገዢ ሲራጅ ኡድ ዳውላን ገጠመ። የገዢው ጦር በቁጥር በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ከጦር አዛዦቹ አንዱ ሚር ጃፋር ውጊያው ሳይጀመር ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ ጨርሷል። እናላችሁ፣ ፕላሲ ላይ ከተኩሱ ይልቅ የወሰነው ውሉ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1764፣ ኩባንያው ቡክሳር ላይ የሙጋሉን ንጉሥ የዳግማዊ ሻህ አላምንና የአጋሮቹን ጦር አሸነፈ። በ1765 ንጉሡ "ዲዋኒ" የሚባለውን መብት ለኩባንያው ፈረመለት። ዲዋኒ ማለት የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ነው።

በአንድ ፊርማ የጨርቅ ነጋዴው ግብር ሰብሳቢ ሆነ ማለት ነው።

የማረጋገጫ ዝርዝር

መሐንዲስ ሆኜ አንድን ነገር መለየት ሲያቅተኝ የማረጋገጫ ዝርዝር አወጣለሁ። እስቲ አብረን እንሞክር። መንግሥት ምን ምን አለው? ጦር አለው። ግብር ይሰበስባል። ገንዘብ ያትማል። ፍርድ ቤት አለው። ግዛት አለው። ከሌሎች ጋር ጦርነትና ስምምነት ያደርጋል።

ኩባንያውስ? ጦር ነበረው፤ በ1800ዎቹ መጀመሪያ ወደ 200 ሺህ ወታደሮች ይዞ ነበር፣ አብዛኞቹም "ሲፖይ" የሚባሉ ህንዳውያን ናቸው። ግብር ሰብስቧል። ሳንቲም ቀርጿል። ፍርድ ቤት አቁሟል። ግዛት ነበረው። ጦርነት አውጇል፣ ስምምነት ፈርሟል። ዝርዝሩን በሙሉ አለፈ።

ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ማክስ ቬበር በ1919 ባደረገው ንግግር መንግሥትን ሲተረጉም፣ በአንድ ግዛት ውስጥ ኃይልን በሕጋዊነት የመጠቀም ብቸኛ መብት አለኝ የሚልና ይህም የሚሳካለት አካል ነው ብሎ ነበር። በዚህ ትርጉም ኩባንያው ወደ መንግሥትነት በጣም ይጠጋል። ሆኖም ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን ውስጥ ሊደንሆል በሚባል መንገድ ላይ ነው። ባለቤቶቹ ባለአክሲዮኖች ናቸው። በየዓመቱ የሚጠብቁት የትርፍ ድርሻቸውን ነው። አብዛኞቹ ህንድን በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

ስለዚህ ልዩነቱን ባሏቸው ነገሮች ዝርዝር ማግኘት አንችልም። የምናገኘው ነገር ሲበላሽ ነው።

ዝናብ ሲጠፋ

ከ1765 በፊት ኩባንያው የቤንጋልን ጨርቅ ለመግዛት ከአውሮፓ ብር (ማዕድኑን ማለቴ ነው) በመርከብ ጭኖ ያመጣ ነበር። ከዲዋኒው በኋላ ግን ይህ ብዙም አላስፈለገም። ከቤንጋል ገበሬ በተሰበሰበው ግብር የቤንጋልን ጨርቅ ይገዛል፤ ጨርቁን ለንደን ወስዶ ይሸጣል። ነገሩን ለአፍታ አስቡት። አገሬው ዕቃውን የሚሸጠው በራሱ ገንዘብ ነው!

በ1769 ዝናቡ ጠፋ። ሩዙ ደረቀ። በ1770 ቤንጋል በረሃብ አለቀ። ዋረን ሄስቲንግስ የቤንጋል ገዢ ሆኖ ከተሾመ በኋላ በ1772 ለኩባንያው ዳይሬክተሮች በላከው ደብዳቤ ላይ ቢያንስ ከሕዝቡ ሲሶው እንደጠፋ ጽፏል። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። የዛሬ ተመራማሪዎች በቁጥሩ ላይ ይከራከራሉ፤ ሞቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠር መሆኑ ላይ ግን ክርክሩ ብዙም አይደለም።

በዚያው ደብዳቤ ላይ ሌላ ቁጥር አለ። በ1771 የተሰበሰበው የተጣራ ግብር ከረሃቡ በፊት በ1768 ከተሰበሰበው ይበልጥ ነበር። ሄስቲንግስ ራሱ ይህ ሊሆን የቻለው ግብሩ በኃይል በቀድሞው ልክ እንዲቆይ ስለተደረገ መሆኑን አልሸሸገም። የሞቱት ገበሬዎች ግብር በሕይወት በተረፉት ጎረቤቶቻቸው ላይ ይጫን ነበር።

የኔን ሙያ ቋንቋ ልጠቀምና ምን እንደተፈጠረ ላስረዳ። አንድ ሥርዓት ስንነድፍ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንጽፋለን። የመጀመሪያው ግቡ ነው፣ የተቻለውን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ የምንፈልገው ነገር። ሁለተኛው ገደቡ ነው፣ ግቡን ስናሳድድ ልናልፈው የማይገባ መስመር። ድልድይ ሲሠራ ወጪን መቀነስ ግብ ሊሆን ይችላል፤ "ግን 40 ቶን የጫነ መኪና ሲያልፍበት መፍረስ የለበትም" የሚለው ገደብ ነው። ገደቡን ሳትጽፉ ወጪ ብቻ ቀንሱ ካላችሁ፣ ስሌቱ በታማኝነት የሚፈርስ ድልድይ ይሰጣችኋል። ስሌቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያላችሁትን ነው ያደረገው።

ለኩባንያው ግቡ ትርፍ ነበር። የቤንጋል ሰው ሕይወት ቢበዛ ገደብ መሆን ይችል ነበር፣ ያውም ገደቡን የሚያስከብር ሰው ከተገኘ። በ1770 ያ ሰው አልነበረም። የሙጋሉ ንጉሥ ተሸንፏል። የቤንጋል ገበሬ አክሲዮን የለው፣ ድምፅ የለው። የኩባንያው ሹማምንት አብዛኞቹ ጥቂት ዓመት ሠርተው፣ ሀብት ይዘው ወደ አገራቸው መመለስ ነበር የሚመኙት። አዳም ስሚዝም በዚያው ዘመን በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ታዝቧል፤ ገንዘቡን ይዞ ለወጣ ሹም ትቶት የሄደው አገር ምን እንደሚሆን ደንታው አይደለም።

የተቀማው ኃይል

አሁን ወደዚያች የ15 ዓመት ገደብ እንመለስ። የኩባንያው ቻርተር በየጊዜው ይታደስ ነበር። የሚታደስ ነገር ደግሞ ላይታደስም ይችላል። ይህ ማለት ኃይሉ የራሱ አልነበረም፤ ከአንድ መንግሥት የተዋሰው ነው። ያበደረውም የመመለስ ሥልጣን አለው።

በ1772 ኩባንያው ዕዳ ውስጥ ገባና የእንግሊዝን መንግሥት ብድር ለመነ። እምቢ ቢባል ብዙ ይዞ ነበር የሚወድቀው፤ መንግሥት ከሻዩ ብዙ ቀረጥ ያገኛል፣ የፓርላማ አባላት ራሳቸው አክሲዮን አላቸው። ስለዚህ በ1773 ወደ 1.4 ሚሊዮን ፓውንድ ተበደረ፤ በምላሹም ፓርላማው የመቆጣጠሪያ ሕግ አወጣበት። በ1784 ቁጥጥሩ ጠበቀ። በ1813 የህንድ ብቸኛ የንግድ መብቱን፣ በ1833 የቻይናውን አጣ። በ1857 ሲፖዮቹ አመፁ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1858 የእንግሊዝ መንግሥት ግዛቱንም ጦሩንም ወሰደው። ከ250 ዓመት በላይ የቆየው ኃይል በአንድ የፓርላማ ሕግ ተቀማ።

እዚህ ላይ ግን በጣም የሚያስገርመኝ አንድ ነገር አለ። በ1833ቱ ሕግ ባለአክሲዮኖቹ ለ40 ዓመት በየዓመቱ 10.5 በመቶ የትርፍ ድርሻ እንዲያገኙ ተወስኖ ነበር፤ የሚከፈለውም ከህንድ ግብር ነው። ስለዚህ ከ1858 በኋላ እንኳ፣ ኩባንያው ምንም ሳይሠራ፣ በ1874 እስኪፈርስ ድረስ የህንድ ገበሬ ለባለአክሲዮኖቹ ይከፍል ነበር።

ታዲያ ከኩባንያ ወደ መንግሥት መዞሩ ህንዶችን ጠቀማቸው? ቢያንስ በረሃብ ጉዳይ፣ አይመስልም። ከ1876 እስከ 1878 በነበረው ታላቅ ረሃብ፣ በእንግሊዝ ንግሥት አስተዳደር ሥር፣ እንደገና ሚሊዮኖች ሞቱ፤ እህልም ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ያ መንግሥት የሚጠየቀው ለንደን ላሉ መራጮች እንጂ ለህንድ ገበሬ አልነበረም። ስለዚህ ባለቤቱ "መንግሥት" መባሉ ብቻውን በቂ አይደለም። ዋናው ጥያቄ ተገዢው ገዢውን መጠየቅ ይችላል ወይ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በኖቬምበር 1869፣ የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት በዚያው ወር፣ ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ ጣሊያናዊ ሩባቲኖ ለተባለ የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ለመግዛት ከአካባቢው ሱልጣኖች ጋር ተዋዋለ። ወረቀቱ ላይ ገዢው ኩባንያ ነው። በ1882 የጣሊያን መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ፤ በ1885 ምጽዋን ያዘ፤ በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብሎ አወጀ። በብር የተጀመረው መግዛት በ21 ዓመት ውስጥ ሌላኛው መግዛት ሆነ። እዚህ ኩባንያው መንግሥት እጁን ያስገባበት ጓንት ነበር ማለት ይቻላል።

ተቃራኒውም አለን። በ1905 ዳግማዊ ምኒልክ በእንግሊዞች እጅ ለነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ የአቢሲኒያ ባንክን እንዲያቋቁም ለ50 ዓመት ብቸኛ መብት ሰጡ፤ የገንዘብ ኖት ማሳተምን ጨምሮ። የአንድ አገር ገንዘብ በግል ባንክ እጅ ሆነ። ሆኖም መብቱን የሰጠው መንግሥት እዚሁ ነበር፣ አልተሸነፈም። በ1931 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ውሉ ሳያልቅ ካሳ ከፍሎ ባንኩን ወሰደና የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋመ። ከቤንጋል ጋር አስተያዩት። ቤንጋል ውስጥ ፈቃዱን መልሶ መውሰድ የሚችለው አካል ባሕር ማዶ ነበር።

አሁን ደግሞ ከባዱ ምሳሌ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ዝናብ ጠፍቶ ሕዝብ ተራበ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። መንግሥት አወቀ፣ ግን ደበቀው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች አምጥተው ግቢ ውስጥ አሳዩ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በውጭ አገር ታየ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። ረሃቡ ብቻውን አላመጣውም፤ የነዳጅ ዋጋ ንሮ ነበር፣ ወታደሩ አምፆ ነበር፣ መምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ መትተው ነበር። ይሁንና ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ በቴሌቪዥን ያሳየው ያንን የረሃብ ፊልም ነው፤ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ።

ለምን ይህንን መረጠ? እያንዳንዱ ተመልካች ክሱን ሳይነገረው ስለሚረዳው ነው። ንጉሥ ሕዝቡ ሲራብ ዝም ማለት አይችልም። ደርግ ራሱ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1977ቱ ረሃብ በዚያው ጥያቄ ፊት ቆመ፤ እርሱም አላማረበትም።

አሁን ሁለቱን ደብዳቤዎች አስቡ፤ አንደኛው የተላከ፣ ሌላኛው የተደበቀ። ሄስቲንግስ የሞቱንም የግብሩንም ቁጥር በአንድ ላይ ጽፎ ለዳይሬክተሮቹ ላከ። የወሎ ሹማምንትና ሚኒስትሮች ግን ደበቁ። ሁለቱም ሕዝብ እንዲሞት አድርገዋል፣ አንዱን ከአንዱ ማስበለጥ አልፈልግም። ነገር ግን ሰው የሚደብቀው የሚጠየቅበትን ነገር ነው። የኛው መንግሥት ዕዳ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ዕዳውን አልከፈለም፤ ባለዕዳነቱን ግን መካድ አልቻለም።

ሦስት ጥያቄዎች

ኩባንያ ክፉ ነው፣ መንግሥት ደግ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የምጽፍበት ኮምፒውተር የኩባንያ ምርት ነው፤ በትርፍ ግብ ብዙ ጥሩ ነገር ይሠራል፣ ገደቡን የሚያስከብር እስካለ ድረስ። ስለዚህ አንድ ኃያል አካል ስታዩ "ስንት ያወጣል?" ከማለት እነዚህን ብትጠይቁ ይሻላል። ኃይሉን ከማን አገኘው፣ መልሶ የሚወስድበትስ ማን ነው? ሰው ሲጎዳ ማን ፊት ቀርቦ ይመልሳል? ነገር ሲከፋ ጥሎ መሄድ ይችላል?

ይህንን ሁሉ ለወንድሜ ስነግረው ስልኩን አስቀምጦ ሰማኝ። ከዚያ "እሺ፣ መንግሥትም ካልመለሰ ግን ልዩነታቸው ምንድን ነው?" አለ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው፦ ኩባንያ የሚመልሰው ለባለአክሲዮን ነው፣ አክሲዮን ደግሞ ይገዛል። መንግሥትን ለመጠየቅ ግን ምንም መግዛት የለብህም፤ እዚያ አገር መወለድህ ይበቃል። የወሎ ገበሬ አክሲዮን አልነበረውም። ጥያቄው ግን የራሱ ነበር፣ ዘግይቶም ቢሆን በሌሎች አፍ ተጠይቆለታል። የቤንጋሉ ገበሬ ጥያቄውን የሚያቀርብበት በር እንኳ አልነበረውም።

"በሩ ቢዘጋስ?" አለ።

"ያን ጊዜ" አልኩት "የሚያስተዳድርህ መንግሥት ቀርቶ ሌላ ኩባንያ እየሆነ ነው ማለት ነው።"